የሬሳ መኪናው አይቆረጥም

ሳንዲ ፎርክ፣ ሚሲሲፒ
ሴፕቴምበር 9፣ 2022

ለእህቴ ልጅ ልጅ ለሬኔታ፤

ይህን ስጽፍልሽ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። አንቺስ እንዴት ነሽ? ኦክላንድ እንዴት ይዞሻል? ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅ፤ ካሜራ ተሸክመሽ የምትዞሪበትን እግርሽንም እንቅፋት አይምታው። ስልክ ላይ እንደማላወራ ታውቂያለሽ። ቁም ነገር በስልክ ሲነገር ይተንብኛል።

በፍላሽ የላክሽልኝ ፊልም ደረሰኝ። አየሁት፣ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ደግሜ አየሁት። አያትሽ ቫሽቲ ከሞት ተነስታ ሳሎኔ ገባች እኮ! ያኔ፣ የዛሬ ስድሳ ዓመት፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ እኔ አሥራ ስድስት። ጥቁር የማይገባበት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብተን ልንቀመጥ የሄድንበትን ቀን በኔ ትረካና በተዋናዮችሽ እንዳለ አስቀመጥሽው። በተለይ የሬሳ መኪናውን! ሸሪፉ መንገዱን ዘግቶ "ጥቁር ወጣት የጫነ መኪና አንድም እንዳያልፍ" ብሎ የለ? ሽማግሌው ሚስተር ፔቲግሩ ደግሞ በቀብር ድርጅታቸው መኪና መጋረጃውን ግጥም አድርገው ዘግተው ጫኑን። እዚህ አገር የሬሳ መኪና ሲያልፍ ነጩም ጥቁሩም ዳር ይዞ ይቆማል። ያ ክፉ ሸሪፍም ዳር ይዞ ቆመ፣ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ለጠፈ። ለእኛ! ቫሽቲ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታው ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሳንድዊቼን አፏ ውስጥ ወተፍኩባት። እንዴት አድርገሽ ሠራሽው በሞቴ! ተባረኪ።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ ልግባ። ሚስ ዴሻና የምትባል ወጣት የታሪክ አስተማሪ አለችን። ፊልሙን ሰጥቻት ለክፍሏ ልጆች ማሳየት ስትጀምር ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጥተው አጠፉባት። አንድ ወላጅ "ልጄ ተረበሸችብኝ" አለ አሉ። ከዚያ የትምህርት ቦርዱ ተሰብስቦ በትምህርት ቤት ውስጥ የመብት ታጋዮች ፊልም ከእንግዲህ እንዳይታይ ብሎ ወሰነ። ተረበሸች! ወይ ጉድ! እኛን በውሻ ሲያስነክሱን ማን ተረበሸልን?

እኔ ግን በቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ላሳያቸው ነው። እነሱ በዚያ ቢዘጉ እኔ በዚህ እከፍታለሁ። አንቺ ፈቅጄአለሁ ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትሽ ኤርሊን ታትም


ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሴፕቴምበር 27፣ 2022

ለተከበሩ አክስቴ ለኤርሊን፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለጉልበትዎ እግዜር ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አያስቡ። አያቴ ፊልሙን ሳታይ በመሞቷ እያዘንኩ እኖር ነበር፤ እርስዎ አይተው ደስ ስላለዎት ግማሽ ሐዘኔ ቀለለኝ።

እኔም የምሥራች አለኝ። ለትምህርት ቤቶች ፊልም የሚያከፋፍል አንድ ትልቅ ድርጅት ፊልማችንን ሊወስደው ነው። በስንቱ ግዛት ያሉ ልጆች እንደሚያዩት ያስቡት! ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት ልኬአለሁ፤ ድምፅዎንና ታሪክዎን እንዲጠቀሙበት መፍቀድዎን የሚገልጽ ነው። እባክዎ ይፈርሙልኝ። ፊልሙን ትንሽ ማሳጠር ይፈልጋሉ፣ የተለመደ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ውሉ ተፈርሞ እስኪያልቅ ድረስ የትም ቦታ አያሳዩብኝ፣ በቤተክርስቲያንም ቢሆን። ስለ አስተማሪዋ አዝኛለሁ፤ ጊዜው ክፉ ነው። ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

ልጅዎ ሬኔታ


ሳንዲ ፎርክ
ኦክቶበር 8፣ 2022

ለሬኔታ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስሽ፣ ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ። "ትንሽ ማሳጠር" ያልሽውን ግን ሆዴ አላመነውም። ምኑን ነው የሚያሳጥሩት? ከየት እስከ የት? እሱን ሳትነግሪኝ እንዴት ፈርሚ ትይኛለሽ? ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ ነው?

የቤተክርስቲያኑ ነገር አልሆነም፤ ደስ ይበልሽ። ዲያቆን ክሊኦፈስ ተነስቶ "የሕፃናት መዋያችን ፈቃድ በካውንቲው አስተዳደር እጅ ነው፣ እሳት አንጫር" አለ። ፓስተራችንም "እስቲ እንጸልይበት" አሉ። እዚህ ቤት ፓስተር "እንጸልይበት" ካለ እምቢ ማለቱ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ መጥተው በሩ ተቆልፎ አገኙት። አንጀቴ አረረ።

ለምን እንዲህ እንደምሟገት ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ስለ መብት ታጋዮች የተሠራ ሌላ ፊልም አሳይቻቸው ነበር። ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንግግር ያደርጋል፣ መዘምራን ከኋላው ያንጎራጉራሉ፣ ሰውየው አንዴ እንኳ አያስነጥስም! ወንዶቹ አንቀላፉ። ዛኒያ የምትባል አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አለች፣ የዚሁ የዲያቆን ክሊኦፈስ የልጅ ልጅ ናት። ሲያልቅ ምን አለችኝ መሰለሽ? "ሚስ ኤርሊን፣ እነዚህ እኮ እንደኛ ሰዎች አይደሉም። እኔ ፈሪ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለኔ አይሆንም።" ይሄን ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ልጅቷ የተማረችው ጀግና ሆነው ካልተወለዱ ቤት ቁጭ ማለት እንደሚሻል ነው። ያን ቀን ነው ያንቺን ፊልም በጉጉት መጠበቅ የጀመርኩት። ዛኒያ ያንን የሬሳ መኪና ማየት አለባት።

ወረቀቱን አልፈረምኩትም። መልስሽን እጠብቃለሁ።

አክስትሽ ኤርሊን


ኦክላንድ
ኖቬምበር 21፣ 2022

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እርስዎን መሸወድ እንደማይቻል አውቃለሁ።

የሚቆረጠው የሬሳ መኪናው ነው። ሳንድዊቹም፣ ሳቁም። አያቴ ያን ቀን ታስራ የእስር ቤቱን ዘበኛ እናት የሰደበችውም። በሱ ፈንታ የመዘምራን ዜማ ይገባል። "ልጆች ሬሳ መኪና ሲያዩ ይደነግጣሉ" ይላሉ፤ "ደግሞም የመብት ታጋይ ክብር አለው፣ ሲንከተከት መታየት የለበትም" ይላሉ። ተከራክሬአለሁ አክስቴ። አልሰሙኝም።

ግን እስቲ ይፍረዱኝ። ልጆቹ ምንም ከማያዩ የተቆረጠውን ቢያዩ አይሻልም? እነሱ እኮ ቫሽቲ ታትም የምትባል ሴት መኖሯን እንኳ አያውቁም። ስሟን ቢያውቁ ትንሽ ነገር ነው? ሌላም ልንገርዎ። አያቴ ስለዚያ ቀን አንዴም ስቃ አላወራችኝም። እስክትሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ሳቁን የሰማሁት ከእርስዎ ብቻ ነው። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? ሳቁ ወይስ ድንጋጤው?

ይህ የመጀመሪያ ፊልሜ ነው። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ በር የሚከፍትልኝ የለም። አዲስ ዓመት ሳይገባ መልስ ይፈልጋሉ። ይቆጡኝ፣ ግን ይፈርሙልኝ።

ልጅዎ ሬኔታ


ሳንዲ ፎርክ
ኖቬምበር 29፣ 2022

ሬኔታ፤

ሁለቱም ነው እውነቱ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ? ቫሽቲ በር ሲንኳኳ የምትደነግጠው ለምን እንደሆነ ካልነገረችሽ እኔ ልንገርሽ። ቤተ መጻሕፍቱ በገባን በሳምንቱ ቤታችንን አቃጠሉት። ከመስኮት ወርውራ ያወጣችኝ እሷ ናት። በዚያው ነው ተሰዳ ኦክላንድ የገባችው፣ አንቺም እዚያ የተወለድሽው በዚያ ምክንያት ነው። እኛ የሳቅነው ስላልፈራን መሰለሽ? ያን ቀን ከፍርሃቴ የተነሳ መኪናው ውስጥ ቀሚሴ ላይ ሸንቻለሁ። ይኸው አወቅሽው፤ ከፈለግሽ እሱንም ጨምሪበት! የፈራ ልጅ መሳቅ እንደሚችል፣ የሸና ልጅ ደግሞ ወርዶ በሩን መግፋት እንደሚችል ካላዩ ልጆቹ ምን ሊረባቸው ነው? መዘምራን ሰምተው እንዲተኙ? መተኛቱንማ ያለ ፊልምም ይችሉበታል።

ክብር ይሉኛል ደግሞ! ክብሬን ከሸሪፉ አልጠበቅኩም፣ ከፊልም አከፋፋይ ልጠብቅ?

ወረቀትሽን ምድጃ በልቶታል። ፊልሙን ደግሞ ላሳየው ነው። የሽማግሌው የፔቲግሩ ልጅ፣ ጁኒየር የምንለው፣ ድርጅቱን ወርሷል። የሟች ፎቶ የሚያሳዩበት ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አለው። "ሚስ ኤርሊን፣ የኔ ቤት ፈቃድ የሚጠይቀው ለሞተ ብቻ ነው" አለኝ። አርብ ዲሴምበር 9 አመሻሽ ላይ ነው። ፓስተሩ ይጸልዩበት፣ እኔ አሳያለሁ።

ጌታ ልብ ይስጥሽ።

ኤርሊን


ኦክላንድ
ዲሴምበር 5፣ 2022

አክስቴ፤

ስልክ አያነሱም። ይህ ደብዳቤ ከአርብ በፊት ይድረስ አይድረስ አላውቅም። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አያሳዩት! ውሉ ሳይፈረም በአደባባይ ከታየ አንፈልገውም ብለውኛል። ስለ ቤቱ ቃጠሎ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ምን እንደምል አላውቅም። ግን እባክዎ አያሳዩት።

ሬኔታ


ሳንዲ ፎርክ
ዲሴምበር 14፣ 2022

ለልጄ ለሬኔታ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ፤ ፊልሙ አርብ ታይቷል። ቀድሞ ቢደርስም አሳየው ነበር፣ እንዳትጸጸቺ።

የሆነውን ስሚ። ጁኒየር ፔቲግሩ ለማስታወቂያ ብሎ ደጃፉ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ያው እንደ ልማዱ፣ "ቫሽቲ ታትም፣ አርብ" ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል የለ! ከተማው ይሄን አነበበ። ግማሹ የቫሽቲ አጽም ከኦክላንድ መጣ አለ፤ ግማሹ እኔንና እሷን አምታቶ እኔ የሞትኩ መሰለው። እዚህ አገር ለቅሶ ባዶ እጅ አይደረስም። አርብ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ልጆቹን ስጠብቅ ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ጥቁር ለብሶ፣ የሐዘን ባርኔጣውን ደፍቶ ይጎርፍ ጀመር። የተጠበሰ ዶሮ፣ የስኳር ድንች ፓይ፣ ድፍን የአሳማ ቅልጥም! የልጅነት ጓደኛችን ኦላ ሜይ እኔን በቁሜ ስታየኝ "ኢየሱስ!" ብላ ድንች ያለበትን ሳህን መሬት ጣለችው። "ኤርሊን፣ ሞተሻል ብለውኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አድሬ!" "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሌላ ጊዜ እሞታለሁ፤ ግቢና ተቀመጪ" አልኳት።

ዲያቆን ክሊኦፈስም ሚስቱ የጋገረችውን የካራሜል ኬክ ታቅፎ መጣ። ፊልም መሆኑን ሲያውቅ ፊቱን አጨማደደ። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ቤተሰብ ሳይሰናበት መውጣት ነውር ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኔ አላሰናበትኩትም። ኬኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

ልጆቹ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሆነው አዩት። የሬሳ መኪናው ሲመጣ ያ ቤት ሳቅ በሳቅ ሆነ። ኦላ ሜይ ተነስታ "ያንን ሳንድዊች የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። ልጆቹ ዞረው አዩዋት፤ ሁልጊዜ ቤተክርስቲያን ውስጥ ፔርሙዝ ይዛ ወንበር ጥግ የምትቀመጠውን አሮጊት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! አንዱ ያንን ይላል፣ አንዷ ይሄን ትላለች። ለስንት ዓመት ለልጆቻቸው ያላወሩትን በዚያች ሰዓት ዘረገፉት። ፊልሙን ሁለቴ አቆምነው።

መጨረሻ ላይ ዲያቆን ክሊኦፈስ ከነኬኩ ተነሳ። "እኔም ያን ቀን መሄድ ነበረብኝ" አለ፤ "አልጋ ሥር ተደብቄ ቀረሁ። መኪናው ደጃችን ቆሞ ጡሩምባ ሲያሰማ እየሰማሁ አልወጣሁም።" ዛኒያ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። "አያቴ፣ እኔም ብሆን እደበቅ ነበር" አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ምን ጠየቀችኝ መሰለሽ? "ሚስ ኤርሊን፣ ማን ነው መጀመሪያ እንሂድ ያለው? የት ነበር የምትሰበሰቡት? ለእናቶቻችሁ ምን አላችኋቸው?" ስለ ጀግንነታችን አንድ ቃል አልጠየቀችኝም፤ እንዴት እንደሚሠራ ነው የጠየቀችኝ።

ክፉም ወሬ አለ፣ አልደብቅሽም። ሚስ ዴሻና እዚያ ታይታለች ተብሎ ጃንዋሪ 17 ቦርዱ ፊት እንድትቀርብ ጽፈውላታል። ከሥራ ሊያባርሯት ነው።

አሁን ያንቺ ፈንታ ነው። ልጆቹ ያዩት ሙሉውን ነው። ግማሹን መሸጥ ከፈለግሽ እኔ አላቆምሽም፤ ለዛኒያ ግን አንቺው ነሽ የምታስረጂያት።

አክስትሽ ኤርሊን


ኦክላንድ
ጃንዋሪ 3፣ 2023

ለውድ አክስቴ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በጤና አደረሰዎ። አደንጓሬና ጎመንዎን እንደ አገራችን የአዲስ ዓመት ደንብ በልተዋል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ብቻዬን በላሁ።

ውሉን መልሼ ላክሁት፣ ሳልፈርም። ስልክ ደውለው "ሁለተኛ ዕድል አታገኚም" አሉኝ። "እሺ" አልኳቸው። ስልኩን የዘጋሁት እየፈራሁ ነው፣ አሁንም ጀግና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም። በማግስቱ ግን ፊልሙን ሙሉውን፣ ከነሬሳ መኪናው፣ ከነስድቡ፣ ማንም በነፃ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። ከእንግዲህ ማንም አይቆርጠውም። የካሜራ ሥራዬ ለጊዜው ሠርግ መቅረጽ ሆኗል፤ ሙሽሮቹ ቢያንስ ይስቃሉ።

ስለ ሚስ ዴሻና እንቅልፍ አጣሁ። ፊልሜ እንጀራዋን ሊያሳጣት ነው። ልጆቹ ምን እያሰቡ ነው? ይጻፉልኝ፣ ወይም ለአንድ ቀን እንኳ ስልክ ያንሱ!

ልጅዎ ሬኔታ


ሳንዲ ፎርክ
ጃንዋሪ 18፣ 2023

ሬኔታዬ፤

ዛሬ ሰላምታውን ካስቀደምኩ ወሬው ይበርድብኛል። ምርቃትሽን ነይና ከአፌ ውሰጂ።

ትናንት የቦርዱ ስብሰባ ነበር። እዚህ ካውንቲ ማንም ነዋሪ በር ላይ ስሙን ካስመዘገበ ቦርዱ ፊት ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ሁልጊዜ ስለ ውሻና ስለ ጎርፍ መውረጃ ቱቦ የሚያማርር አንድ ሽማግሌ ነው የሚመዘገበው። ትናንት ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደወጡ ሄደው ተሰለፉ። የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ማን እንዲህ አድርጉ እንዳላቸው እንዳትጠይቂኝ፤ ዛኒያ ቤት ተሰብስበው ነበር፣ እኔን አልጠሩኝም። ስሰማ ደስ ያለኝ አለመጥራታቸው ነው።

ሰብሳቢው ሚስተር ግሬሻም የዛኒያን ስም ጠራ። ልጅቷ ማይክራፎኑ ጋ ቆመች። ስለ ሚስ ዴሻና ልታለቅስ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ "ፊልሙ ሲጀምር ቫሽቲ ታትም ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትወለውላለች" አለች። ቀጠለች። ምን እንደለበሰች፣ እናቷ ምን እንዳለቻት፣ ሁሉንም። ሰብሳቢው "ይሄ ከጉዳዩ ውጪ ነው" ብሎ ሊያስቆማት ሲል ጠበቃቸው፣ ሦስት ደቂቃው የራሷ ነው ብሎ መሰለኝ፣ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው። እንድትቀጥል በእጁ አመለከታት። ሦስት ደቂቃዋ አልቆ ደወሉ ጮኸ፣ ሄዳ ተቀመጠች። ቀጣዩ ልጅ ተነሳና "ከቆመችበት ልቀጥል" አለ!

አየሽልኝ? እንዳይታይ የከለከሉትን ፊልም ልጆቹ በየተራ ቦርዱ ፊት ተረኩት። በቃለ ጉባኤ ሳይቀር እየተጻፈ! የሬሳ መኪናው የደረሰው ለአንድ ቀጫጫ ልጅ ነው፤ ሸሪፉን ሆኖ ኮፍያ አውልቆ አሳያቸው፤ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ ስትስቅ አየኋት። ዲያቆን ክሊኦፈስም ተመዝግቦ ነበር። የራሱን ድርሻ ተናገረ፣ ግን ቅደም ተከተሉን አዘበራረቀው። "አያቴ፣ እሱ ገና ነው!" ብላ ዛኒያ ከመቀመጫዋ አረመችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላ ሰውየው ቀና ብሎ ጨረሰ። እንዲህ ቀና ብሎ ሲቆም አይቼው አላውቅም።

የመጨረሻዋ ተመዝጋቢ ትንሽ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው። በትረካዋ ልጃገረዶቹን ከመኪናው አወረደች፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ አስወጣች። "ከዚያ ቫሽቲ እጇን ዘረጋችና በሩን ገፋ..." ስትል ደወሉ ጮኸ። ሰብሳቢው "ተመዝጋቢ አልቋል፣ ይበቃል" አለ። ስለ ሚስ ዴሻና ውሳኔ ለሚቀጥለው ወር አዛወሩት፤ አላባረሯትም፣ አልመለሷትም። ገና ነው ትግሉ። ልጆቹ ለሚቀጥለው ወር ለመመዝገብ ወረፋ ይዘዋል።

ሰው ወንበሩን እየገፋ ሲነሳ ሚስስ ሃርግሮቭ የምትባለው የቦርዱ አባል፣ ፊልሙ ይታገድ ብላ እጇን አውጥታ የነበረች ነጭ ሴትዮ፣ ማይክራፎኗ እንዳልተዘጋ ረስታዋለች። ጎንበስ ብላ ትንሿን ልጅ "ከዚያስ? በሩ ተከፈተላቸው?" አለቻት። አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ልጅቷ ዛኒያን አየቻት። ዛኒያ አልቸኮለችም፤ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳችና "እሱን ለማወቅ ፊልሙን ማየት ነው፣ እመቤቴ" አለቻት።

አክስትሽ ኤርሊን